ኮምፒውተር እስኪመጣ አንጠብቅ፣ ሒሳብ ለሚከብዳቸው ልጆች በጠመኔም የሚሰራ ነገር አለ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግስት ትምህርት ቤት 5ኛ እና 6ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ይሄን ደብዳቤ የምፅፈው ስለ ኮዲንግ፣ ማለትም የኮምፒውተር ፕሮግራም ስለ መፃፍ፣ የሚወጡትን ዜናዎች እያነበብኩ ውስጤ ሲብላላ የቆየ ነገር ስላለ ነው። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ በ2016 ክረምት ከተጀመረ ወዲህ ወላጁም ልጁም ኮዲንግ ኮዲንግ እያለ ነው፣ ጥሩ ነው፣ እኔ አልቃወምም፣ ግን ወደ ኮዲንግ ኮርስ የሚሄደው ማነው ብላችሁ ብታዩ አብዛኛው ድሮም ሒሳብ የሚችል ልጅ ነው፣ ቤቱ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ነው። ከኮዲንጉ ጀርባ ያለው አስተሳሰብ ግን፣ ኮምፒውቴሽናል ቲንኪንግ የሚሉት፣ አንድን ጥያቄ በትንንሹ ከፋፍሎ በቅደም ተከተል መፍታት ማለቴ ነው፣ ከማንም በላይ የሚጠቅመው ከኋላ ዴስክ ተቀምጦ ሰሌዳ ላይ ያለውን ዝም ብሎ ለሚገለብጠው፣ ቀስ ብሎ ለሚገባው ልጅ ነው። ለሱ ደግሞ ኮምፒውተር አያስፈልግም፣ ጠመኔና ደብተር ይበቃል።

ስለየትኞቹ ልጆች እንደማወራ ግልፅ ላድርግ። የሚያዩ የሚሰሙ፣ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ ከማንም የማያንሱ፣ ሱቅ ተልከው መልስ በትክክል ይዘው የሚመለሱ፣ ግን ክፍል ውስጥ አንድ ትምህርት ከሌላው ልጅ ሁለት ሶስት እጥፍ ጊዜ የሚፈጅባቸው ልጆች ናቸው። መምህራን ስሎው ለርነር እንላቸዋለን። በስነ ልቦና መለኪያ አይኪው ከ70 እስከ 85 አካባቢ የሚያመጡት ናቸው ይባላል፣ በኖርማል ስርጭት ሒሳብ ከ100 ሰው ወደ 14 የሚሆነው እዛ ውስጥ ይወድቃል ማለት ነው፣ 60 ልጅ ባለበት ክላስ ውስጥ 8 ልጅ ማለት ነው። በኛ ሀገር ሁኔታ ደግሞ በጦርነት ተፈናቅሎ አንድ ሁለት ዓመት ደብተር ሳይነካ የቆየው፣ ቁርስ ሳይበላ የሚመጣው፣ ከትምህርት በኋላ ሊስትሮ የሚሰራው ሁሉ እዛው መስመር ላይ ይደመራል፣ እነዚህ አእምሯቸው ፈጣን ሆኖ ሳለ ክፍተቱ ነው ወደ ኋላ ያስቀራቸው። እና ስምንት የተባለው ልጅ ሀያም ሊሆን ይችላል።

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ሁሌ እንደነግጣለን። በ2014 ከተፈተኑት ግማሽና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ሲባል ሀገር ሁሉ ጉድ አለ። ግን ያ ክፍተት 12ኛ ክፍል ላይ አልተፈጠረም እኮ፣ 3ኛ ክፍል መቀነስ ሲማር መበደር ሳይገባው ያለፈ ልጅ 6ኛ ክፍል ክፍልፋይ ላይ ይወድቃል፣ ከዛ በኋላ አልጀብራ ለሱ የማይነበብ ፅሁፍ ነው የሚሆነው።

ለነዚህ ልጆች የምናደርገው ነገር ቱቶሪያል ነው። ቅዳሜ ጠርተን ሰኞ ያስተማርነውን ያንኑ ትምህርት በዛው መንገድ ደግመን እናስተምራለን፣ ትንሽ ድምፃችንን ከፍ አድርገን። ልጁ ሰኞ ያልገባው ነገር ቅዳሜ ለምን ይገባዋል? መምህሩም ይደክማል፣ ልጁም እኔ አይገባኝም የሚለውን ለሁለተኛ ጊዜ አረጋግጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አሁን አንድ ምሳሌ ላምጣ፣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። 502 ሲቀነስ 178 ስጡት። ቀስ ብለው የሚማሩ ብዙ ልጆች 476 ብለው ይመልሳሉ። መልሱ 324 ነው። ብዙ ጊዜ ኤክስ ይደረግና ያልፋል፣ ልጁም ኤክሷን አይቶ ደብተሩን ይዘጋል። ግን 476 ከየት መጣ ብላችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩት፣ አንድ ቤት ላይ 2 ከ8 ያንሳል፣ እሱ ግን ትልቁን ከትንሹ ለይቶ 8 ሲቀነስ 2 አለና 6 ፃፈ፣ አስር ቤት ላይ 0 እና 7 አለ፣ 7 ፃፈ፣ መቶ ቤት ላይ 5 ሲቀነስ 1 አራት። በቃ 476። ይሄ ልጅ ዝም ብሎ አልገመተም! አንድ ህግ አለው፣ ህጉ ከላይም ይሁን ከታች ከትልቁ ትንሹን ቀንስ የሚል ነው፣ ህጉን ደግሞ በታማኝነት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከትሏል። ሌላ አስር ጥያቄ ብትሰጡት አስሩንም በዛው ህግ ነው የሚሰራው።

ጆን ሲሊ ብራውን እና ሪቻርድ በርተን የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. በትክክል ይሄንኑ ነገር ፅፈዋል። የተማሪዎችን የመቀነስ ስህተት በኮምፒውተር ፕሮግራም ሲተነትኑ ብዙው ስህተት የግዴለሽነት አለመሆኑን፣ ፕሮግራም ውስጥ እንደሚገኝ ቡግ፣ ማለትም የአሰራር ስህተት፣ በስርዓት የሚደጋገም መሆኑን አሳዩ። ቡግ ያለበት ፕሮግራም አይጣልም፣ የትኛው መስመር ላይ እንደተበላሸ ተፈልጎ ያቺ መስመር ብቻ ትስተካከላለች። ልጁ ላይ ግን እኛ ሙሉውን ኤክስ አድርገን እንመልሳለን። ኮምፒውቴሽናል ቲንኪንግ ለኔ ከሁሉ በፊት እዚህ ጋ ነው የሚጠቅመው፣ ልጁን "እንዴት ሰራኸው፣ ከአንድ ቤት ጀምረህ ንገረኝ" ብሎ ስቴፑን እንዲናገር ማድረግና የተሳሳተችውን ስቴፕ ራሱ እንዲያገኛት መተው። ራሱ ሲያገኛት ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር ያየ መምህር ተመልሶ ቀይ ኤክስ ብቻ ለማድረግ እጁ አይታዘዝለትም።

ሀሳቡ አዲስ አይደለም። ሲሞር ፓፐርት የሚባለው የሒሳብ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በ1967 እ.ኤ.አ. ሎጎ የሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ለህፃናት ሰርቶ ነበር፣ ልጆች ኤሊ የምትባለዋን መሳያ በትእዛዝ ወደፊት ሂጂ፣ 90 ዲግሪ ታጠፊ እያሉ ካሬ የሚስሉበት። ኮምፒውቴሽናል ቲንኪንግ የሚለው ቃል በሰፊው የታወቀው ግን በ2006 እ.ኤ.አ. ጃኔት ዊንግ የምትባል የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር አጭር ፅሁፍ ስታወጣ ነው፣ እሷም ያለችው ይሄ አስተሳሰብ ለፕሮግራመር ብቻ ሳይሆን እንደ ማንበብና መፃፍ ለሁሉም ልጅ ነው የሚል ነው። ዛሬ ብዙ ቦታ በአራት ነገር ያስቀምጡታል፣ ትልቁን ጥያቄ በትንንሹ መከፋፈል፣ ከዚህ በፊት ከተሰራ ጋር የሚመሳሰልበትን ማየት፣ የማያስፈልገውን መተው፣ እና አሰራሩን ማንም ሊከተለው በሚችል ቅደም ተከተል መፃፍ ማለትም አልጎሪዝም። ስህተት ፈልጎ ማረም ደግሞ አብሮ ይሄዳል።

በወሬ እንዳይሆን አንድ የቃላት ጥያቄ እንስራ። "አንድ ነጋዴ ከሱቁ 15 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኝ ገበያ 2 ኩንታል ጤፍ አንዱን ኩንታል በ13,000 ብር ገዛ። ለመኪና 600 ብር ከፈለ። ጤፉን በኪሎ 140 ብር ሸጦ ጨረሰ። ስንት አተረፈ?" ይሄን ጥያቄ ቀስ ብሎ ለሚገባው ልጅ ስጡትና እዩ፣ ያየውን ቁጥር በሙሉ ወይ ይደምራል ወይ ያባዛል፣ 15ቷንም ጨምሮ። ምክንያቱም አምስት ቁጥር አንድ ላይ መጣበት፣ ኩንታል ወደ ኪሎ መቀየርም አለ፣ ትርፍ ምንድነው የሚለውም አለ፣ ሁሉንም ባንዴ ጭንቅላቱ ውስጥ መያዝ አለበት።

እኔ የማደርገው መጀመሪያ እርሳስ አስቀምጡ ብዬ ነው። ምንም ስሌት የለም። የተጠየቀው ምንድነው? ትርፍ። ትርፍ ለማወቅ ምን ምን ማወቅ አለብን? የወጣው ብርና የገባው ብር። እዚህ ጋ ደብተሩን ለሁለት ይከፍሉታል፣ በግራ የወጣ፣ በቀኝ የገባ። ከዛ ጥያቄውን እንደገና እያነበቡ የማያስፈልገውን ይሰርዛሉ፣ 15 ኪሎ ሜትሯ ትሰረዛለች፣ አንዳንዱ ልጅ ግን መሰረዝ ይፈራል፣ ቲቸር የሰጠው ቁጥር ሁሉ መጠቀም አለበት ብሎ ስለሚያስብ፣ ስለዚህ ሆን ብዬ የማያስፈልግ ቁጥር ያለበት ጥያቄ ደጋግሜ እሰጣለሁ። ከዛ በግራ 13,000 ሲባዛ በ2 ሀያ ስድስት ሺህ፣ 600 ሲደመር 26,600። በቀኝ 2 ኩንታል 200 ኪሎ ነው፣ ሲባዛ በ140 ሀያ ስምንት ሺህ። ልዩነቱ 1,400 ብር። ከዛ ነው ዋናው ነገር የሚመጣው፣ በሚቀጥለው ቀን ስለ እንቁላል፣ ከዛ ስለ ሽንኩርት፣ ከዛ ስለ ደብተር ነጋዴ ጥያቄ እሰጥና ከመስራታቸው በፊት "ይሄ የትኛውን ይመስላል" እላቸዋለሁ። ጎበዝ የምንለው ልጅ መመሳሰሉን ሳይነገረው ያየዋል፣ ቀስ ብሎ የሚማረው ግን እንቁላልና ጤፍ ለሱ ሁለት የማይገናኙ ትምህርቶች ናቸው፣ አንድ ቅርፅ መሆናቸውን በግልፅ አውጥቶ የሚያሳየው ሰው ይፈልጋል። እኔ እንደታዘብኩት የሁለቱ ልጆች ትልቁ ልዩነት እዚህ ጋ ነው።

ሌላው ልጆቹ በጣም የሚወዱት ሮቦት የምንለው ነው። አንድ ልጅ ሮቦት ይሆናል፣ ሌላው ክፍልፋይ እንዴት እንደሚደመር በወረቀት ይፅፍለታል፣ ሮቦቱ የተፃፈውን ብቻ ነው የሚሰራው፣ ያልተፃፈ ነገር ከራሱ አይጨምርም። 1/2 ሲደመር 1/3 ላይ ልጁ "ላዕዩን ደምር ታህቱን ደምር" ብሎ ከፃፈ ሮቦቱ 2/5 ያወጣል፣ ከዛ ወረቀት አጥፈን እናሳያለን፣ 2/5 ማለት ከግማሽ ያነሰ ነው፣ ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት ከግማሽ ያንሳል? ክፍሉ ይጮሃል። ከዛ ትእዛዙ ይታረማል፣ "ታህቶቹ እኩል ናቸው ወይ? አዎ ከሆነ ላዕዮቹን ደምር፣ አይ ከሆነ መጀመሪያ ትንሹን የጋራ ብዜት ፈልግ" የሚል ጥያቄ ይገባበታል፣ ይሄው ፍሎው ቻርት፣ የስቴፖቹ ካርታ፣ ሆነ ማለት ነው፣ በካርቶን ላይ ተፅፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እዚህ ጨዋታ ላይ ቀስ ብሎ የሚማረው ልጅ ጥሩ ሮቦት ነው የሚሆነው፣ ዘሎ አያልፍማ፣ ፈጣኑ ልጅ ነው ሳይፃፍ በራሱ እየሞላ የሚያበላሸው። በዛ ቀን ክፍሉ ውስጥ ማን ምን እንደሚችል ትንሽ ይገለባበጣል፣ ለነዚህ ልጆች ይሄ ከማርክ በላይ ነው።

ለምን ይሰራል ብትሉ ምክንያቱ ብዙ ሚስጥር የለውም። ሰው ባንድ ጊዜ አእምሮው ውስጥ ይዞ ሊሰራበት የሚችለው ነገር ጥቂት ነው፣ ጆርጅ ሚለር የሚባል የስነ ልቦና ተመራማሪ በ1956 እ.ኤ.አ. ሰባት አካባቢ ብሎ ነበር፣ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ደግሞ ወደ አራት አውርደውታል። ሒሳብ የሚከብዳቸው ብዙ ልጆች ጋ ይሄ ቦታ ከሌላው ጠበብ ይላል። ስቴፑ ወረቀት ላይ ሲወጣ ጭንቅላቱ ለማስታወስ የሚያጠፋውን ጉልበት ለማሰብ ያውለዋል። ካርቶኑ ግን ለዘላለም አይለጠፍም፣ ቀስ በቀስ አንዷን መስመር መሸፈን፣ ከዛ ሁለቷን፣ ልጁ ሳያየው የሚሰራበት ቀን እስኪመጣ።

ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው የሚሉኝ መምህራን አሉ። እንዲህ እላቸዋለሁ፣ በውጭ የሒሳብ መፃህፍት የኢትዮጵያ ማባዛት እየተባለ የሚጠራ ዘዴ አለ፣ ተመሳሳዩ በጥንት ግብፅና በሩሲያ ገበሬዎችም የታወቀ ነው። 13 ሲባዛ በ24 ይሁን። በግራ 13ን እያጋመሳችሁ ውረዱ፣ ትራፊውን እየጣላችሁ፣ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 24ን እጥፍ እያደረጋችሁ ውረዱ፣ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን፣ ማለትም ለሁለት እኩል የሚካፈለውን መስመር ሰርዙ፣ 6 ያለበት ይሰረዛል፣ ከዛ በቀኝ የቀሩትን ደምሩ፣ 24 እና 96 እና 192፣ 312። የማባዛት ሰንጠረዥ አልያዝ ብሎት 5ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ማጋመስ፣ እጥፍ ማድረግና መደመር ብቻ ችሎ ትክክለኛ መልስ ያወጣል። ኮምፒውተርም ውስጡ የሚያባዛው በዚሁ በሁለት በሁለት አካሄድ ነው። ሰንጠረዡን አይተካም፣ ሰንጠረዡ መያዝ አለበት፣ ግን ልጁ እስኪይዘው ድረስ ከሒሳብ እንዳይባረር ያደርገዋል።

ባሕረ ሐሳብም አለ። ዓመተ ምህረቱ ላይ 5500 ደምር፣ ለ4 አካፍል፣ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለቀሪ ከሆነ ዮሐንስ። 2018ን ብትሰሩት 7518 ይመጣል፣ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ ቀሪ 2፣ ዘመነ ማርቆስ። ያንን 1879 ከ7518 ጋር ደምራችሁ 9397ን ለ7 ብታካፍሉ ቀሪው 3 ነው፣ ከማክሰኞ አንድ ብላችሁ ስትቆጥሩ ሐሙስ፣ የ2018 እንቁጣጣሽም ሐሙስ ነበር። የቆሎ ተማሪ ይሄን በቃሉ ይወጣዋል፣ አልጎሪዝም ማለት ይሄው ነው፣ ቅድመ ሁኔታም ቅርንጫፍም ያለው። የማካፈል ቀሪ ምን ይሰራል ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ መልስ አላገኘሁም።

እንግሊዝ ሀገር በ2014 እ.ኤ.አ. ኮምፒውቲንግን ከ5 ዓመት ልጅ ጀምሮ ካሪኩለም ውስጥ አስገብታለች። ስክራች በሚባለው የህፃናት ፕሮግራም ሒሳብን ለማገዝ የተሰራ ስክራችማትስ የሚባል ፕሮጀክት ተገምግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ የልጆቹ ኮምፒውቴሽናል ቲንኪንግ ተሻሽሏል፣ ከድሃ ቤተሰብ በመጡት ላይ በተለይ፣ የሒሳብ ፈተና ውጤታቸው ግን ለውጥ አላሳየም። ይሄን የምጠቅሰው ሀሳቡን ለማጣጣል አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ኮድ መፃፍ በራሱ ተሻግሮ ሒሳብ አይሆንም ማለት ነው፣ እዛው ሒሳቡ ክፍለ ጊዜ ውስጥ፣ እዛው ክፍልፋዩና መቀነሱ ላይ ካልገባ። ስለዚህ ነው ለአንድ ትምህርት ቤት አስር ኮምፒውተር ተሰጠ ሲባል ደስታዬ ሙሉ የማይሆነው።

የምፈራውም ነገር አለ። ነገ ይሄ ነገር ሰርኩላር ሆኖ ቢወርድ አራቱን ክፍሎች ሰሌዳ ላይ ፅፈን ልጆቹን "የኮምፒውቴሽናል ቲንኪንግ አራቱ ክፍሎች ምን ምን ናቸው" ብለን እንዳንፈትናቸው ነው። ለልጆቹ ስሙን መንገር እንኳን አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ስቴፑ ከበዛ ራሱ ሸክም ይሆናል፣ አስራ አንድ መስመር ያለው ካርቶን ያሸብራል፣ አራት አምስት ይበቃል። ሌላው ደግሞ ይሄን ሁሉ ከመጀመራችን በፊት ልጁ ሰሌዳው ይታየዋል ወይ ብለን እንጠይቅ፣ መነፅር አጥቶ ሰነፍ የተባለ ልጅ በየትምህርት ቤቱ አለ።

የምጠይቀው ብዙ ብር የሚፈጅ ነገር አይደለም። የቱቶሪያል ሰዓት ትምህርት መድገሚያ መሆኑ ቀርቶ የልጆቹን ስህተት መመርመሪያ ይሁን፣ አምስት ስድስት ልጅ ይዞ፣ የመቀነስ ቡግ ያለባቸው ለብቻ፣ የክፍልፋይ ለብቻ። መምህራን በምንወስደው ተከታታይ ስልጠና ውስጥ የተሳሳተ መልስ እንዴት እንደሚነበብ ይካተት፣ 476ን አይቶ ከየት እንደመጣ መናገር የሚችል መምህር ብዙ አይደለም፣ አልተማርነውማ። ፈተናም ላይ ቢያንስ ክፍል ውስጥ በምንሰጠው ምርጫ ብቻ ባይሆን፣ ለስቴፕ ማርክ ቢሰጥ፣ ምርጫ ላይ ልጁ ሐ ብሎ ሲሳሳት ምን አስቦ እንደሆነ የሚታወቅበት መንገድ የለም። ቢሮዎችና የመምህራን ማሰልጠኛ ኮሌጆች ይሄን ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ወላጆችንም አንድ ነገር ልለምን፣ ልጃችሁ የቤት ስራ ተሳስቶ ሲያመጣ መልሱን አትንገሩት፣ አትቆጡትም፣ "እንዴት እንደሰራኸው አሳየኝ" በሉትና እስኪጨርስ ዝም ብላችሁ ስሙት፣ ራሳችሁ ሒሳብ ባትችሉም ይሆናል። የሒሳብ መምህራን ደግሞ ተማሪዎቻችሁ ደጋግመው የሚሰሩትን አንድ ስህተት፣ ጥያቄውንና ልጁ የፃፈውን መልስ እንዳለ፣ የልጁን ስም ሳትጠቅሱ ለዚህ ጋዜጣ ብትልኩ፣ ዝግጅት ክፍሉም በየሳምንቱ አንድ አንድ እያለ ቢያወጣው፣ ከየት እንደመጣ አብረን እንፈልገው ነበር። እኔ የመጀመሪያውን ልኬያለሁ፣ 502 ሲቀነስ 178 እኩል ይሆናል 476።

አክባሪያችሁ፣
የሒሳብ መምህር ከአዲስ አበባ